ሳይጎዱ የተበደሉ፦ የአላስካው የአዮዲን ጥናት በደሴ ሲነበብ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኦገስት 1955 እስከ ፌብሩዋሪ 1957 ድረስ የአሜሪካ አየር ኃይል የአርክቲክ ኤሮሜዲካል ላቦራቶሪ በአላስካ ለ121 ሰዎች ራዲዮአክቲቭ አዮዲን እየሰጠ የታይሮይድ ዕጢያቸውን መረመረ። አንዳንዶቹ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለ ወሰዱ በጥቅሉ 200 ጊዜ ተሰጥቷል። ከሰዎቹ 19ኙ ወታደሮች ነበሩ። የቀሩት 102 የአላስካ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ አብዛኞቹ በሰሜኑ ጠረፍና በብሩክስ ተራሮች የሚኖሩ ኢኑፒያቶች፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ከዚያ በስተደቡብ ያሉ አታባስካኖች። የተሰጣቸው አዮዲን-131 በአፍ የሚወሰድ ነው። ሰውነት ከተራው አዮዲን ስለማይለየው ሰብስቦ ወደ ታይሮይድ ያስገባዋል፤ ጨረሩም በየ8 ቀኑ በግማሽ ይከስማል። የወሰዱት የመንደር ሰዎች ግን ጨረር ያለበት ነገር መሆኑ አልተነገራቸውም።

ደሴ ላይ ለጤና ተማሪዎች የምርምር ሥነ ምግባር ሳስተምር ከሌሎቹ ጉዳዮች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። የተለመደው በአሜሪካ በተደረገው በተስኬጊው የቂጥኝ ጥናት መጀመር ነው። ተስኬጊ ግን ለተማሪ ይቀልለዋል። መድኃኒት እያለ ሕሙማን ለዓመታት ሳይታከሙ መቅረታቸውን የሰማ ሁሉ ወዲያው ይቆጣል፤ ተቆጥቶም «እኔ እንዲህ አላደርግም» ብሎ በንጹሕ ሕሊና ከክፍል ይወጣል። የአላስካው ጉዳይ እንዲህ በቀላሉ አያስወጣም። ክፉ ሰው የለበትም። ኋላ ላይ የመረመሩት ባለሙያዎችም ተሳታፊዎቹ ላይ ጉዳት የደረሰ አይመስልም ብለዋል። ይህን ከሰማ በኋላ «ታዲያ በደሉ ምኑ ላይ ነው?» ብሎ የማይጠይቅ ክፍል እስካሁን አልገጠመኝም። ትምህርቱም የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

አየር ኃይሉ ምን ፈለገ?

ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነው። ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ኅብረት የሚያደርሰው አጭሩ የአየር መንገድ በሰሜን ዋልታ በኩል ያልፋል። ስለዚህ አየር ኃይሉ በአላስካ ሰፊ ጦር አስፍሮ ነበር። በበረዶው መካከል የወደቀ አብራሪ ስንት ቀን ይቆያል? ደቡብ ያደገ ወታደር ብርዱን መላመድ ይችላል? በፌርባንክስ ከተማ አጠገብ በላድ የአየር ጦር ሰፈር የነበረው ላቦራቶሪ የተቋቋመው ለእንዲህ ያሉ ጥያቄዎች መልስ ለመፈለግ ነው። መልሱን ደግሞ እዚያው ብርድ ውስጥ ተወልደው ካደጉ ሰዎች በላይ ማን ያውቀዋል? የታይሮይድ ሆርሞን ሰውነት ምግብን ወደ ሙቀት የሚለውጥበትን ፍጥነት ይቆጣጠራል። ኢኑፒያቶች ብርዱን የቻሉት ምናልባት ታይሮይዳቸው ከሌላው ሰው በበለጠ ስለሚሠራ ይሆናል የሚል ግምት ነበር።

ጥናቱን የመሩት ኖርዌያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኮሬ ሮዳል ናቸው። ሰውየውን እንደ ግድየለሽ ተመራማሪ ማየት ስሕተት ይሆናል። የዋልታ ድብ ጉበት የበላ ሰው ለምን እንደሚታመም የታወቀው በእርሳቸው ሥራ ነው፤ ጉበቱ ከሚገባው በላይ ቫይታሚን ኤ እንደ ተከማቸበት በ1943 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር አሳይተዋል። (ይህን ስናገር ክፍሉ ሁሉ ይነቃል። ጥሬ ጉበትና ጨጓራ ለሚወድ የወሎ ልጅ የጉበት ነገር ቀልድ አይደለም።) በመንደሮቹ ውስጥ ከሕዝቡ ጋር የቆዩ፣ አመጋገቡን ያጠኑ፣ ኢኑፒያቶችን የሚያከብሩ ሰው ነበሩ። ጉዳዩ ለማስተማር የሚጠቅመኝም ስለዚህ ነው።

ቡድኑ መሣሪያውን በአውሮፕላን ጭኖ ወደ ዌይንራይት፣ ፖይንት ሆፕ፣ አናክቱቩክ ፓስ፣ አርክቲክ ቪሌጅ፣ ፎርት ዩኮንና ወደ ሌሎች መንደሮች ሄደ። ሰው አዮዲኑን ይወስዳል፤ ከዚያ በአንገቱ ፊት ለፊት የጨረር መቁጠሪያ ይደረግና ታይሮይዱ ምን ያህሉን እንደ ያዘ ይለካል፤ ደም፣ ሽንትና ምራቅም ይሰበሰባል። ውጤቱ ላቦራቶሪው ከጠበቀው ውጪ ሆነ። ታይሮይድ ብርድን በመላመድ ረገድ ይህ ነው የሚባል ሚና አልታየበትም። ከጠረፉ ርቀው በመሀል የሚኖሩት ሰዎች ታይሮይድ አዮዲኑን አብዝቶ ይስብ የነበረውም ከብርዱ የተነሣ ሳይሆን አዮዲን ስለ ጎደለው ነው። የባሕር ጠረፍ ሰዎች ዓሣና የባሕር እንስሳ ይበላሉ። አናክቱቩክ ፓስና አርክቲክ ቪሌጅ ግን ከባሕር የራቁ፣ በዱር አጋዘን ሥጋ የሚተዳደሩ መንደሮች ናቸው። እዚያ ያሉ ሰዎች አንገት ላይ እንቅርት ተገኝቷል።

የወሎ አንገት

እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ካርታ ማሳየት አያስፈልገኝም። እንቅርት ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ተማሪ ከደቡብ ወሎ አይመጣም። የብዙዎቹ አያቶች አንገት ላይ ንቅሳት አለ፤ ለጌጥም፣ እንቅርትን ይመልሳል ተብሎም የተነቀሰ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ዝናብ ለዘመናት ያጠበው የደጋ አፈር አዮዲኑ ወደ ወንዝ ተሸኝቷል፤ በዚያ አፈር የበቀለ እህልም አዮዲን ያንሰዋል። ብርድና ከባሕር መራቅ ስላሉን ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

የጨውም ታሪክ አለ። እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ድረስ አገሪቱ አዮዲን የተጨመረበት ጨው በአሰብ በኩል ታገኝ ነበር። በ1998 ጦርነቱ ሲነሣ ያ በር ተዘጋ፤ ገበያውን የያዘው የአፍዴራ ጨው ሆነ፤ አብዛኛው አዮዲን አልነበረበትም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 ነው።

ተማሪዎቹን አንዳንድ ጊዜ ወደ ሰኞ ገበያ ጨው እንዲገዙ እልካቸዋለሁ። ታሽጎ ከሚሸጠው አንድ፣ ከከረጢት በጣሳ እየተሰፈረ ከሚሸጠው አንድ። ጠረጴዛ ላይ በነጭ ሳህን አስቀምጠን ከመመርመሪያው ጠብታ እናንጠባጥባለን። አዮዲን ያለበት ጨው ወዲያው ወይን ጠጅ ወደሚመስል ሰማያዊ ይለወጣል። ከከረጢቱ የተሰፈረው፣ እርጥበት ይዞ እርስ በርሱ የተጣበቀው፣ አንዳንዴ አንዱ ጫፍ ብቻ ደብዘዝ ብሎ ይቀለማል፤ አንዳንዴም ጠብታውን ጠጥቶ እንደ ነበረ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አዮዲን በእርጥበትና በፀሐይ እንደሚተን ከዚህ በኋላ ማስረዳት አያስፈልግም። ከሳህኑ ዙሪያ የሚነሣው ጥያቄ ግን የኬሚስትሪ አይደለም። አንዲት ተማሪ «ጨውን ለሸጡልን ሴትዮ እንንገራቸው ወይስ ዝም እንበል?» አለች። ሌላው ተቀብሎ «ብንነግራቸው ጨውን ምን ያድርጉት? ደፍተው ምን ሊሸጡ?» አለ።

በአላስካም ያልተመለሰው ይኸው ጥያቄ ነው። ተሳታፊዎቹ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ሁኔታቸውን የሚከታተል ሐኪም አልመጣላቸውም። የጥናቱ ዘገባ በ1957 ወጣ፤ የተጻፈውም ለአየር ኃይሉና ለሙያው ሰዎች ነው። በመንደሮቹ ብዙዎች ምን እንደ ዋጡ ያወቁት ከ30 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ አሜሪካ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሰዎች ላይ ያደረገቻቸውን የጨረር ሙከራዎች መፈተሽ ስትጀምር ነው።

«አዎ» የተባለው እንዴት ነው?

የአሜሪካ ምክር ቤት ጉዳዩ እንዲጣራ ጠይቆ ብሔራዊው የምርምር ምክር ቤት የሰየመው ኮሚቴ በ1996 ዘገባውን አወጣ። ኮሚቴው አላስካ ድረስ ሄዶ ከተሳታፊዎች በአስተርጓሚ ቃል ተቀብሏል፤ ሮዳልም ቃላቸውን ሰጥተዋል። ሁለቱን ወገኖች ጎን ለጎን ሲያዳምጡ የሚገርመው ማንም አለመዋሸቱ ነው። ተመራማሪው በየመንደሩ እንግሊዝኛ ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረው ፈቃድ አግኝተው እንደ ሠሩ ያምናሉ። የመንደር ሰዎች ደግሞ ሐኪም መጣ፣ ሕክምና ሰጠን ብለው ያስታውሳሉ። ሐኪም አልፎ አልፎ ብቻ በሚደርስበት፣ የሳንባ ነቀርሳ ብዙ ሰው በፈጀበት አገር በአውሮፕላን የመጣ ሐኪም የሚሰጠውን እንክብል የሚጠረጥር የለም።

የኮሚቴው መደምደሚያ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ያዘ። የጨረሩ መጠን አነስተኛ ስለ ነበር በካንሰር የመያዝ አደጋው ኢምንት ነው። ነገር ግን ሰዎቹ ተበድለዋል፤ ያልተረዱትን ነገር እንዲቀበሉ ተደርገዋልና። በጥናቱ ውስጥ የመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችም ነበሩ፤ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ደግሞ ወደ ፅንስና ወደ ጡት ወተት ያልፋል።

«የዘመኑ ልማድ ነው» የሚለው መከላከያ በየዓመቱ ከክፍሉ ይነሣል፤ ተገቢ መከላከያ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይጸናም። ሰው በፈቃዱ ካልሆነ በቀር ምርምር እንዳይደረግበት የሚያዘው የኑረምበርግ ድንጋጌ የወጣው በ1947 ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ቻርልስ ዊልሰን በፌብሩዋሪ 1953 ከአቶሚክ፣ ከባዮሎጂና ከኬሚካል ጦርነት መከላከል ጋር በተያያዘ ምርምር የሚሳተፍ ሰው በጽሑፍና በምስክር ፊት እንዲፈቅድ አዘዋል። ትእዛዙ ግን ጥብቅ ምሥጢር ተብሎ ወጣ። ሰውን ለመጠበቅ የተጻፈ ደንብ ሰው እንዳያየው ሆኖ መደበቁን ስናገር ተማሪዎቹ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፤ ምክንያቱም እኛም ጋር የስምምነት ቅጹ ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ሲቆለፍ አንድ ቅጂ ለፈራሚዋ የሚሰጠው ስንት ጊዜ ነው?

የእኛ መንገድ

ከውጭ አገር ተቋም ጋር በትብብር የሚሠራ ጥናት ወደ አንድ የደሴ ዙሪያ ቤት የሚደርስበትን መንገድ እንመልከት። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸድቃል። ደብዳቤ ወደ ዞን ይወርዳል፤ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ። ቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ይመድባል። እርሷ መረጃ ሰብሳቢውን ይዛ በር ታንኳኳለች። እያንዳንዱ እርከን ትክክል ነው፤ አስፈላጊም ነው። በሩ ሲከፈት ግን ጥያቄው አስቀድሞ አራት ቦታ ላይ መልስ አግኝቷል።

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ተቀምጬ አይቻለሁ። ቡናው ቀርቧል፤ መረጃ ሰብሳቢው ወጣት ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያነባል። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ሳያልቅ እማማ ስኒውን እያቀበሉት «ልጄ፣ እናንተ ካላችሁ መቼም ለደግ ነው» አሉት። ወጣቱ የሚያነበውን ትቶ ቀና አለ። ደም እንደሚቀዳ ሲነግራቸው ፊታቸው ጥቂት ጨለም አለ፤ እርሱም ቶሎ ብሎ «አብሽሩ እማማ፣ ምንም የለውም» አላቸው። ሳቁ፤ እጃቸውን ዘረጉ። ቅጹ ከዚያ ወዲያ አልተነበበም።

የወሎ ደግነት ያለበት ንግግር ነው፤ ክፉ ሐሳብ የለውም። እኔ ግን ጥናቱ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው እላለሁ። ፊታቸው ሲጨልም እማማ የመጀመሪያ ጥያቄያቸውን ሊጠይቁ ነበር። «ደሙን ምን ታደርጉታላችሁ? የት ይሄዳል?» ሊሉ ይችሉ ነበር። የሚያጽናና ቃል ቀደማቸው። በሰሜን አላስካ ኢኑፒያቶቹና ሐኪሙ የተላለፉት በጥላቻ አይደለም፤ በመተማመን ነው። እንግዳን ማሳፈር ነውር በሆነበት ቤት «አይሆንም» የሚል ቃል ከአፍ አይወጣም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። ስለዚህ የእምቢታውን መንገድ የሚያዘጋጀው ጠያቂው መሆን አለበት። «ነገ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ልጆችዎን አማክሩ» ማለት አንድ ቀን ያስከፍላል፤ የመስክ በጀት ውስጥ ግን ያ ቀን አይገኝም። የትብብር ውል ሲፈረም ልደራደርበት የምፈልገው የመጀመሪያው ነገር ያ ቀን ነው፤ ከመሣሪያም ከሥልጠናም በፊት።

አንድ ተማሪ «በእኛ አገር የሽማግሌ ቃል ይከበራል፤ ሽማግሌው ከፈቀደ ለምን እያንዳንዱን እንጠይቃለን?» ብሎ አጥብቆ ተከራክሮኛል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ በአንድ ቃል የሚመለስም አይደለም። ሽማግሌ በመንደሩ መግባት እንድንችል መፍቀድ ይችላል፤ ለእርቅ፣ ለመሬት፣ ለውሃ ይናገራል። የሌላ ሰው ታይሮይድ ግን የጋራ ግጦሽ አይደለም። ተማሪው አልተረታም፤ እንዲረታም አልጠበቅሁም።

ከፌርባንክስ በኋላ

የአርክቲክ አገሮች ከዚህ ታሪክ ምን እንዳተረፉ መታየት አለበት። በአሜሪካ የአርክቲክ ምርምር መሥሪያ ቤቶች በ1990 የጋራ መርሆች አወጡ፤ ሕዝቡን ማማከርና ውጤቱን መመለስ በውስጡ አሉ። በካናዳ ያለው የኢኑዊቶች (ኢኑፒያቶችም ከእነርሱ ወገን ናቸው) ብሔራዊ ድርጅት በ2018 የራሱን የምርምር ስልት አወጣ። በ2022 ደግሞ ከአላስካ እስከ ግሪንላንድና በሩሲያ እስካለችው ቹኮትካ ያሉትን ኢኑዊቶች የሚወክለው የኢኑዊት ዋልታዊ ምክር ቤት ከእነርሱ ጋር መሥራት የሚፈልግ ሁሉ የሚከተለውን ሥርዓት በጽሑፍ አስቀመጠ። ጥያቄውን የሚያወጣው ማን ነው፣ መረጃው የማን ነው የሚለውን አሁን የሚያነሡት ራሳቸው ናቸው።

በተግባር የሠራ ትብብርም አለ። በ1999 የተጀመረው ዓለም አቀፉ የዋልታ ዙሪያ የበሽታ ቅኝት አላስካን፣ ሰሜን ካናዳን፣ ግሪንላንድን፣ አይስላንድን፣ ኖርዌይንና ፊንላንድን ያካተተ ሲሆን ሰሜን ስዊድንም ኋላ ተጨመረ። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው፦ የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን ሁሉም በአንድ ትርጉምና በአንድ ዓይነት ቅጽ ይመዘግባሉ፤ ላቦራቶሪዎቹም ናሙና እየተላላኩ ውጤታቸው መመሳሰሉን ይፈትሻሉ። አንድ መንደር ጥቂት መቶ ሰው በሚኖርበት አገር አንድ ሐኪም ሁለት ሕፃን ቢታመሙበት አጋጣሚ ይመስለዋል። የሁሉም ሲደመር ግን ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ኤ የተባለው ባክቴሪያ በሰሜን አሜሪካ አርክቲክ ነባር ሕዝቦች ሕፃናት ላይ እየበረታ መምጣቱ ታየ። ክትባት ያለው ለዓይነት ቢ ነበር፤ ኤ ከዚያ ውጭ ነው።

በሜይ 2017 ስምንቱ የአርክቲክ አገሮች ሳይንሳዊ ትብብራቸውን የሚያጠናክር ስምምነት ሲፈራረሙ የተሰበሰቡት በፌርባንክስ ነው፤ የአዮዲኑ ላቦራቶሪ የነበረበት ከተማ። ስምምነቱ የነባር ሕዝቦችን ዕውቀት መጠቀምን ያበረታታል። አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ በማርች 2022፣ ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ የቀሩት ሰባቱ አገሮች፣ ስምንቱ በጋራ በሚመክሩበት በአርክቲክ ምክር ቤት ሥራ መሳተፋቸውን ለጊዜው አቆሙ፤ በሩሲያ በኩል ያለው የአርክቲክ ሕዝብ ጤና ከጋራው ሥዕል ወጣ።

ስለ ትብብር ስንወያይ ተማሪዎቹ በዚህ ክፍል ላይ ዝም ይላሉ። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት እንዴት እንደ ተዘረፉ ያዩ ናቸው። ማቀዝቀዣው ሲሄድ በውስጡ ያለው ናሙናም ይሄዳል፤ ቅጂው በሌላ አገር ካለ ባለቤቱ ማን ይሆናል? በሰላም ጊዜ የሚፈረም ውል ይህን አስቀድሞ ማለት አለበት። አብዛኞቹ ውሎች አይሉትም።

የትምህርቱ መጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ሥራ ነው። ተማሪዎቹ በ1955 ሮዳል ሊያነብላቸው ይገባ የነበረውን የስምምነት ቅጽ በአማርኛ ይጽፋሉ፤ ለደሴ ዙሪያ እናት እንደሚነበብ አድርገው፣ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ። ጨረሩን የሚገልጸው ክፍል ያስቸግራቸዋል ብዬ ነበር፤ እርሱን ግን በሁለት በሦስት ዐረፍተ ነገር አሳምረው ይወጡታል። የሚያመልጣቸው ሌላ ነው። «ይህ ጥናት ለእርስዎ የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ የሚጠቅመው ለአየር ኃይሉ ነው» የሚለውን የሚጽፍ ከአሥሩ አንድ አይገኝም። ይዞሩታል፤ «ለወደፊቱ ለኅብረተሰቡ ሊጠቅም ይችላል» ብለው ያልፉታል። ወረቀቱን ቀይ ቀለም አስምሬበት እመልሳለሁ። በሁለተኛው ረቂቅ ዐረፍተ ነገሩ ይገባል፤ አጠገቡ ግን ብዙ ጊዜ በእርሳስ «ይህን ከሰሙ ማን እሺ ይለናል?» የሚል ማስታወሻ ይኖራል።